ከመኪና ኋላ የሚቀር ድንጋይ

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በፋሲሎ መንደራችን ሲያልፍ በረንዳ ላይ ፊቴን እየታጠብሁ ነበር። ጡሩምባ ስሰማ ሁልጊዜ እንደማደርገው ቀጥ ብዬ ቆምሁ። «ሹፌሩ አቶ ጥሩነህ አርፈዋል፤ ለቀብር ውጡ!» አለ። በእፍኜ የያዝሁት ውሃ በጣቶቼ መካከል ፈሶ አለቀ። በሰፈራችን ሌላ ጥሩነህ የሚባል ሹፌር ይኖር እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርሁ። አልነበረም።

ጋሽ ጥሩነህ መሪ ከተዉ ቆይተዋል። ዓይናቸው ደከም ሲል ማንም ሳይነግራቸው መኪናቸውን ሸጠው ቤት ገብተው ነበር። በነዱበት ዘመን ሁሉ ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ «ዛሬ ደግሞ ምን እሰማ ይሆን» እያሉ ነው የኖሩት። መኪናዋ በተሸጠች ሰሞን ጎረቤቱን ጠርተው ጠላ አጠጡን። «ተመስገን፣ ከመንገድ ተረፈልኝ» አሉ። ከመንገድ የተረፈው ሰው መንገድ ላይ መሞቱን የሰማሁት ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ጥሩነህ ደብረ ታቦር ዘመድ ጠይቀው በሚኒባስ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ተቀምጠው ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ። ከዓለም በር በላይ ባለው ጠመዝማዛ ላይ መንገዱ መሐል ድንጋይ ተደርድሮ አዩ።

የአገራችንን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህን ድንጋይ ያውቀዋል። መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ እንዳይንሸራተትበት ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፤ ታኮ ይሉታል። ከኋላ የሚመጣው እንዲጠነቀቅ ደግሞ ራቅ አድርጎ ሌላ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጥልበታል። መኪናው ሲጠገን ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል። ቅጠሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ድንጋዩን የሚወስድ የለም።

ጋሽ ጥሩነህ «ልጄ፣ እዚህ ላይ አቁምልኝ» አሉት ሹፌሩን። ወረዱና ማንሳት ጀመሩ። ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና ጠመዝማዛውን ሲዞር አላያቸውም። የገጨው ሹፌር ራሱ አንስቶ ሐኪም ቤት ቢያደርሳቸውም አልተረፉም፤ ከዚያም ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ አሉ።

«ምን አገባቸው?» አለ ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚነዱት እሳቸው አይደሉ፣ ትራፊክ አይደሉ!»

«ለድንጋይ!» አለ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ። «እስቲ ሰው ለድንጋይ ይሞታል?»

ሚኒባሱ ውስጥ አብረዋቸው የነበሩ አንዲት እናት ከሴቶቹ በኩል «እኛማ ቶሎ ይመለሳሉ ብለን ተቀምጠን ነበር፤ ተቀምጠን ነበር እኮ» እያሉ ያለቅሳሉ።

እኔ ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ልጆቼ ይህን ጠባዬን አይወዱልኝም። ያን ቀን ግን መልስ አጣሁ። ትምህርቴ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ነው፤ የቀረውን በፋብሪካ ጥበቃ ሥራ ላይ ሆኜ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብሁ ነው የተማርሁት። ባነበብሁት ውስጥም ለእነዚያ ሁለት ሰዎች የሚሆን መልስ አልነበረም። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጋሽ ጥሩነህ አጠር ብለው ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ። ግራ ክንዳቸው በመኪናው መስኮት ሲወጣ ስለኖረ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል። «ይሄኛው ቆላ ነው ያደገው፣ ያኛው ደጋ» ይሉ ነበር ሁለቱን አቀራርበው እያሳዩ። የሚነዱት ቅጥቅጥ ነበር፤ ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ የሚመላለስ፣ የማይንኳኳ ዕቃ የሌለው መለስተኛ አውቶቡስ። ዳገት ሲጀምሩ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና «አይዞሽ እመቤቴ፣ ይሄንንም አናውቀው?» ይሏታል።

ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት። ተሳፋሪው «ጋሽ ቀስ» ይላቸው ነበር፤ የባሰበት ደግሞ «ቀብር አጃቢ» ይላል። ሐሙሲት ሲደርሱ ሰው ቸኮለም አልቸኮለም ያቆማሉ። ሰዉ ሻይ ቤት ሲገባ እሳቸው እየዞሩ ጎማውን ሁሉ በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

«ጋሼ፣ ትኩሳት አለው እንዴ?» አላቸው አንድ ጊዜ አንድ የወረታ ነጋዴ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።

«እሱስ የለውም። የተኮሰው ያንተ ምላስ ነው» አሉት ቀና ሳይሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ነጋዴውም ሳቀ።

በእረፍት ቀናቸው መኪናዋን ሊያጥቡ ወደ ጣና ዳር ይወርዳሉ። ሌሎቹ ሹፌሮች ጎማው ግማሽ እስኪሸፈን ድረስ ውሃው ውስጥ ይነዳሉ፤ ዘይቱና ናፍጣው ሐይቁ ላይ ቀለም ሠርቶ ይንሳፈፋል። ጋሽ ጥሩነህ ከዳሩ ርቀው ሣሩ ላይ ያቆሙና በባልዲ እየቀዱ ይመላለሳሉ። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል መመላለስ ለሚያያቸው ያሳዝናል። መኪና አጣቢዎቹ ጎረምሶች ይስቁባቸዋል።

«ጋሼ፣ ጣና እንዳያልቅ ሰግተው ነው?»

«ጣና አያልቅም። ናፍጣ ናፍጣ የሚል ዓሣ ግን በልቼ አውቃለሁ። ያን ዓሣ ያበላኝ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅሁም፤ ባገኘው የምለው ነበረኝ።»

ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የሰው ጥፋት አብዛኛው ፊት ለፊት የሚሠራ አይደለም፤ ትቶት የሚሄደው ነው። ፊት ለፊት የበደለህን ትጣላዋለህ፣ ትከሰዋለህ፣ ትታረቀዋለህ። ትቶብህ የሄደውን ግን ስሙን እንኳ አታውቀውም።

ጻድቅ ነበሩ አልልም፤ ሞተዋል ብዬ አልዋሽም። ሲቆጡ አፋቸው ክፉ ነበር። ተሳፋሪውንም ይዋሹት ነበር። ገና ዳገቱ ሳይጋመስ «ስንት ቀረን?» ሲባሉ «ደረስን» ይላሉ። ይህ ኃጢአት ነው ብዬ ነገርኋቸው። «አያ ታደሰ፣ ሕፃን ይዛ ለምትጠይቀኝ እናት ‹ደረስን› ማለት ውሸት አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አሉኝ። አላመንሁላቸውም፤ ዛሬም አላምንም። ፋሲካን ስንት ጊዜ እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻቸውን እንደፈሰኩ እኛ ጎረቤቶቹ እናውቃለን። የአንድ ልጃቸው ሠርግ ዕለት የደረሱት እንግዳው ሲበተን ነው፤ ግራሶ በነካው ኮት ከሙሽራዋ አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ አሁንም ሳሎናቸው ውስጥ አለ። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ካዩ ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። ቤታቸው በዚህ ተጎድቷል።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያቆራኘን የእናቴ ሕመም ነው።

እናቴ ነፋስ መውጫ አጠገብ ትኖር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል «ደክማለች፤ በሕይወት ልታገኛት ከፈለግህ ቶሎ ድረስ» ብለው ደወሉልኝ። በማግሥቱ ጋቢዬን ለብሼ መናኸሪያ ሄድሁ። ጋሽ ጥሩነህ ነገሩን ሰምተው ኖሮ የፊተኛውን ወንበር ይዘው ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬን ይፍጠኑልኝ» አልኋቸው።

«አደርስሃለሁ» አሉ። እፈጥናለሁ አላሉም።

ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ቡፍ አለ። ጋሽ ጥሩነህ ፍሬን ይዘው ጥግ አስያዟት። የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ ነበር። ወንዶቹ ወርደን ድንጋይ አመጣን፤ ከጎማዎቹ ሥር ወተፍን፤ የቀረውን ወደ ታች ራቅ አድርገን ደረደርን። እሳቸው ድንጋዩ ሲወርድ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አያ ታደሰ፣ አንተ ነጭ ጋቢ ለብሰሃል። ወደ ላይ ውጣና ጠመዝማዛው ጫፍ ላይ ቁምልን። መኪና ሲመጣ ጋቢህን አውለብልብ።»

«ድንጋዩ አይበቃም?» አልሁ። ከመኪናው መራቅ አልፈለግሁም፤ ከራቅሁ የሚዘገይ መስሎኝ ነበር።

«ድንጋዩን የማያይ ሹፌር አለ። ሰው ሲያውለበልብ ግን የማያይ የለም። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ መንገድ ይጠብቃል። መንገድ የሚጠብቅለት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ጎንበስ ማለት የለበትም።»

ወጥቼ ቆምሁ። ከዚያ የፎገራ ሜዳ ይታያል፤ ከሜዳው ወዲያ ጣና ቀጭን ብራማ መስመር ሆኖ ይታያል። ነፋሱ ብርድ ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር ጋቢዬን አውልቄ አውለበልባለሁ፤ መኪናው ዝግ ብሎ ሲያልፍ መልሼ እለብሳለሁ። በመካከሉ እናቴን አስባለሁ። ትንፋሿ ምን ያህል እንደሚያቆያት አስባለሁ።

ጋሽ ጥሩነህ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በቱቦው ላይ ጠምጥመው ጠምጥመው አሰሩት። ተሳፋሪዎች በጀሪካን ከወንዝ ውሃ ቀዱልን። ሞተሩ ተነሣ፤ ቱቦው ያዘ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁላችን ተሽቀዳድመን ገባን፤ እኔም ሮጬ ወርጄ ወንበሬን ያዝሁ። የሹፌሩ ወንበር ግን ባዶ ነበር።

በመስኮት ሳይ ጋሽ ጥሩነህ ወደ ኋላ ሄደው ድንጋይ ያነሳሉ። ወደ ገደሉ አይወረውሩትም፤ ከታች የሚያርስ ሰው ይኖራል። እያንዳንዱን በሁለት እጃቸው ተሸክመው መንገዱን ይሻገራሉ፤ ከተራራው ጥግ ያኖራሉ፤ ለሌላው ይመለሳሉ።

መታገሥ አቃተኝ። «ጋሼ!» ብዬ ጮህሁ። «እናቴ እየሞተች እኮ ነው! ይተዉት ድንጋዩን!»

ጋሽ ጥሩነህ ድንጋይ እንደታቀፉ ወደ መስኮቴ መጡ። አልተቆጡም።

«ከኋላችን የሚመጣውም እናት አለችው» አሉ። ቀጥለውም «ና፣ ያን ትልቁን አብረን እናንሳው። ለሁለት ቶሎ ያልቃል» አሉኝ።

እየተበሳጨሁ ወረድሁ። ትልቁ ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር የነበረው ነው። በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው በኩል እኔ ይዘን አነሣነው። አንዱ ጠርዙ ስል ነበር፤ ጣቴን ላጠኝ። ከተራራው ጥግ ስናኖረው «ይኸው አለቀ» አሉና እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ። የቆጠሩት ሞልቶ ነበር።

እናቴን በሕይወት አገኘኋት ብል ደስ ባለኝ። አላገኘኋትም። ያረፈችው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እኛ ገና ከባሕር ዳር ሳንነሣ። ስለዚህ በጋሽ ጥሩነህ ቂም እንኳ ልይዝባቸው አልቻልሁም። ተሳፋሪያቸውን አውርደው በእግራቸው እየጠየቁ ለቅሶው ቤት መጡ። ግራሶ የነካ እጃቸውን ኮታቸው ሥር ደብቀው ከሰው ኋላ ቆመው ነበር። አስከሬኑ ሲነሣ ግን ወደ ፊት መጥተው ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሆኑ። ከቀብር መልስ አጠገቤ ተቀመጡና «አደርስሃለሁ ብዬህ ነበር፤ አላደረስሁህም» አሉኝ። ሌላ ማጽናኛ አልተናገሩም። እኔም ከዚያ የበለጠ ማጽናኛ ከማንም አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ልጄን ለእሳቸው የሰጠሁት።

ልጄ አዲሱ ትምህርቱን ትቶ መሪ ልያዝ ባለኝ ጊዜ ስንት ሰሞን አላናገርሁትም። እኔ ያላገኘሁትን እሱ እንዲያገኝ ነበር የፈለግሁት። ጋሽ ጥሩነህ ደጃችን መጥተው «አያ ታደሰ፣ ልጁን አትጣላው። የሚያነብበው መንገድ ነው፤ እኔ አስነብበዋለሁ» አሉ። መንጃ ፈቃዱን እስኪያወጣ፣ ካወጣም በኋላ፣ ከአጠገባቸው አልተለየም። ማታ ቤት ሲመጣ ድምፃቸውን እያስመሰለ ያስቀን ነበር፦ «አዲሱ! ድንጋይ ስታኖር ቁጠር፤ ስታነሣ ቁጠር! የጎደለ ካለ መኪናው ሄደ እንጂ አንተ አልሄድህም!» እናቱ እስክታለቅስ ትስቃለች። በኋላ የጭነት መኪና ያዘ፤ ከወረታ ሩዝ እየጫነ ወደ ጋይንት ይመላለሳል። ጥሩ ሹፌር ነው ይሉኛል። እኔም በሰው ፊት ባልናገረውም እኮራበት ነበር።

በቀብሩ ቀን አዲሱ ከመንገድ ደርሶ ከሁሉ ሰው ይልቅ ደከመ። ወንበር ተሸከመ፣ ድንኳን ወጠረ፣ ውሃ ቀዳ። እህል ግን አልቀመሰም። ሐዘን ነው ብዬ ተውሁት። ከሣልስቱ መልስ ግቢያችን ውስጥ ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«ብላ እንጂ» አልሁት። «ሰው እየሞተ ይኖራል።»

«አባዬ፣» አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እዚያ ጠመዝማዛ ላይ እኔም ቆሜ ነበር።»

«መቼ?»

«እሳቸው በተገጩበት ቀን ዋዜማ። ጎማ ፈነዳብኝ። ዝናብ ነበር። የጭነቱ ባለቤቶች ‹አምጣ፣ አምጣ› እያሉ ይደውሉልኛል።»

«ድንጋይ አኑረህ ነበር?»

«አኑሬ ነበር።»

«አነሣኸው?»

ደጋግሜ ጠየቅሁት። በመጨረሻ ቀና ሲል ፊቱ የልጅነቱ ፊት ሆኖብኝ ነበር።

«አላስታውስም» አለ። «ሌላም መኪና እኮ እዚያ ላይ ይቆማል አባዬ። የኔ ላይሆን ይችላል። አላስታውስም።»

ያን ጊዜ ለእናቴ ስቸኩል እየተበሳጨሁ ያነሣሁት ያ ድንጋይ በዚያች ቅጽበት ጣቴ ላይ ተሰማኝ፤ ክብደቱም፣ የላጠኝ ጠርዙም። «ልጄ፣» አልሁት፣ «ያነሣ ሰው ያስታውሳል።»

መቆጣት ፈለግሁ፤ ቁጣው አልመጣም። ማቀፍ ፈለግሁ፤ እጄ አልታዘዘም። «ልበስ፤ እንሄዳለን» ብቻ አልሁት።

መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ቃሉን ተቀበሉት፤ የማን ድንጋይ እንደሆነ ማን ያውቃል አሉ፤ ከፈለግንህ እንጠራሃለን ብለው ሰደዱት። ከዚያ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ሄድን። ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አዲሱ ከፊታቸው ተንበርክኮ ለእኔ የነገረኝን ነገራቸው፤ ዝናቡን ሳያነሣ፣ ስልኩን ሳያነሣ። ሰበቡን በመተዉ ብቻ ልጄ መሆኑን አወቅሁት።

እትዬ ማንጠግቦሽ ቀና ብለው አዩት።

«እሱ የሚያነሣውን ድንጋይ የማን ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም» አሉ። «እኔም አልጠይቅም። አንተ ግን ጠይቅ።»

ይህን ብለው ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። ጠበቅናቸው፤ አልተመለሱም። በሰላም ሂዱ የሚለን ሳይኖር ወጣን።

ከዚያ ወዲያ አላዩንም፣ አላየናቸውም። የጋሽ ጥሩነህ አርባ ሲቃረብ ሰው ላኩብን። ተዝካሩ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለው የትውልድ ደብራቸው ሊወጣ ነው፤ «እህሉንና ጋኑን አዲሱ ይጫንልኝ፤ እኔንም እሱ ያድርሰኝ» ብለዋል። አዲሱ ይህን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማለዳ ተነሣን። አዲሱ መሪ ላይ፣ እኔ መካከል፣ እትዬ ማንጠግቦሽ በር በኩል። ሐሙሲት ላይ ልጄ ማንም ሳይጠይቀው አቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን በእጁ ጀርባ እየነካ ዞረ። እትዬ ማንጠግቦሽ በመስታወቱ አዩት። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር እጃቸው በሩን ጨብጦ ያዘ።

ጠመዝማዛው ላይ ድንጋይ ነበር።

የዚያን ጊዜዎቹ አይደሉም፤ ፖሊሶች እነዚያን አንሥተዋቸው ነበር። ይህ ሌላ ሰው ትቶት የሄደ ነው። አስፋልቱ ላይ የዘይት ጠብታ አለ፤ ከጎኑ የጠወለገ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ። አዲሱ ጥግ አስይዞ አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ማንንም ሳያይ በሩን ከፍቶ ወረደ።

እውነቱን ልናገር። ልጄ መንገዱ መሐል ጎንበስ ሲል፣ የማይታይ መኪና ከላይ ዳገቱን ሲወርድ ጆሮዬ ሰማ፤ ወይም የሰማ መሰለው። «ተወው! ና ግባ! ምን አገባህ!» የሚል ቃል አፌ ውስጥ ሞላ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የተናገረው ቃል ነው። ስንት ቀን ስኮንነው የከረምሁት ቃል የራሴ ሆኖ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ያ ሰው ክፉ ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሚሳሳለት ሰው ያለው ሰው ነበር።

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ በቀኜ በኩል በሩ ተከፈተ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየወረዱ ነበር።

«እትዬ፣ የት ነው?»

«ተቀምጠው ነበር እኮ» አሉኝ ቀና ብለው። ዓይናቸው ደርቋል። «ያን ሁሉ ሰው፣ ተቀምጠው ነበር። አንድ ሰው ወርዶ ቢያውለበልብለት ምን ነበር?» ጥቁር ነጠላቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ ወደ ታችኛው በኩል ሄዱ።

እኔም ወረድሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም ወደ ላይ ወጣሁ። የጠመዝማዛው ጫፍ ላይ፣ እናቴን እያሰብሁ የቆምሁበት ቦታ ላይ ቆምሁ። ጣና ከሩቅ እንዳለ አለ። ጋቢዬን አወለቅሁ።

ከወደ ታች ጥቁር ነጠላ ይውለበለባል። ከመካከል ልጄ በሁለት እጁ ድንጋይ ታቅፎ መንገዱን ይሻገራል፣ ከተራራው ጥግ ያኖራል፣ ይመለሳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥራል። ያላኖረውን ነው የሚቆጥረው።

ከላይ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ጋቢዬን በራሴ ላይ አውለበለብሁ። ፍሬኑ እያፏጨ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ ግራ ክንዱ ጠቁሯል።

«ምንድን ነው አባቴ? አደጋ አለ?»

«የለም» አልሁት። «ልጄ ድንጋይ እያነሣ ነው።»

«ድንጋይ?» አለ፤ ወደ ታች ተመለከተ፤ ተበሳጨ። «ለዚህ ነው ያስቆሙኝ?»

«አዎ» አልሁት። «ለዚህ ነው።»